የጋሽ አንማው ጣትና ቀጭኑ ዘይት

ተረትና ምሳሌ ከሰማይ የሚወርድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይወርድም። አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በሰው ፊት፣ ደህና አድርጎ ሲያፍር ነው የሚገኘው፤ እሱ ያፍርበታል፣ አገር ይናገርበታል። ከቲሊሊ እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ፣ ሸማኔ ስለ ጥርስ ሕመም ሲያስተምር፣ ወይም አስተማሪ ስለ በሬ አገዛዝ ሲከራከር፣ ሰዎች ፈገግ ብለው ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። የሚናገሯት ብዙ ናቸው፤ ከማን ቤት እንደ ወጣች የሚያውቁ ግን ጥቂት። የወጣችው ከጋሽ አንማው ጣት ነው። ከቀኝ እጃቸው፣ ያውም ከሌባ ጣታቸው።

ጋሽ አንማው የቲሊሊ ማር ነጋዴ ነበሩ። ማር ነጋዴ በአገሩ ሞልቷል፤ የእሳቸውን የመሰለ ጣት ግን አልነበረም። ገበሬው ጀሪካኑን ሲከፍትላቸው እጅጌያቸውን ሰብሰብ ያደርጉና ጣታቸውን ነክረው ወደ ላይ ያነሣሉ። ማሩ ሳይበጠስ ክር ሆኖ ከወረደ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ምስጋና ነው። ጠብ ጠብ ካለ ግን ባለማሩን ቀና ብለው ያዩና፣ «ንቦችህ ወንዝ ዳር ነው እንዴ የሚውሉት?» ይሉታል። ሰውየው ላብ በላብ ይሆናል። ቀጥለው ጣታቸውን በምላሳቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ይሄ የመች አበባ ነው፤ ይሄ የግራዋ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ንብ ያላየችው የስኳር ከረጢት ነው» ብለው ይፈርዳሉ። ተሳስተው አያውቁም። ሻጭና ገዢ በተጣሉ ቁጥር «ወደ ማር ዳኛው እንሂድ» ይባል ነበር።

እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ሰው በሚያውቀው ነገር ቢኮራ ማንን ይጎዳል?

ችግር የመጣው ጣቲቱ ከማር አልፋ በሌላውም ላይ መፍረድ ስትጀምር ነው። ጋሽ አንማው ወጥ ቀጠነ ብለው ከሰው ድግስ አኩርፈው ወጥተዋል። በአንድ ሠርግ ላይ ከሲታ ሙሽራ አይተው፣ «ይህቺንስ ውሃ ጨምረውባታል» አሉ፤ ሙሽራዋ የባለቤታቸው የእትየ ደብሬ የእኅት ልጅ ስለነበረች ይህ ነገር እስካሁን ይቅር አልተባለላቸውም። ባጭሩ፣ በእሳቸው ሚዛን ወፍራም የሆነ ሁሉ ታማኝ፣ ቀጭን የሆነ ሁሉ አጭበርባሪ ነው።

እንግዲህ እኒህ ሰው አዲስ ፒካፕ ገዙ።

የገዙበትም ምክንያት አላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማራቸውን በሰው አይሱዙ ነበር የሚያስጭኑት። አንድ በጋ ሹፌሩ ዳንግላ ላይ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ፣ ግማሹ ማር ከነሰፈፉ ቀልጦ አስፋልት ላይ ፈሰሰ። ጋሽ አንማው ያን ቀን በገበያ መካከል ቆመው፣ «ከእንግዲህ ማሬ የሰው መኪና ላይ ከወጣ፣ እኔ አንማው አይደለሁም!» ብለው ማሉ። መሐላውን የሰማው ገበያ ሁሉ ነው። ስለዚህ ፒካፗ ለእሳቸው መኪና ብቻ አልነበረችም፤ ቃላቸው በአራት ጎማ ስትሄድ ማለት ነበረች። የወንበሯን ላስቲክ እንኳ አላስነሱም።

ባሕር ዳር ከመኪና ሻጩ ድርጅት ሲረከቧት አብረዋቸው የሄዱት አያ ተገኘ ናቸው። አያ ተገኘ አርባ ቀፎ ያላቸው ንብ አርቢ፣ የጋሽ አንማው የልጅነት ወዳጅ፣ በዚያ ላይ በአካባቢው ጠብ በተነሣ ቁጥር የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ቃል ይቆጥባሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ከተናገሩ ሁለተኛውን ለማግኘት ምሳ መብላት ያስፈልጋል።

የጥገናው ክፍል ኃላፊ ጸዳለ የምትባል፣ ቱታ የለበሰች ወጣት ናት። ወረቀቱን ዘርግታ አስረዳቻቸው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሞተሩ በራሱ ጉድለት ቢበላሽ የምንሠራው እኛ ነን፤ ጋራንቲ ማለት ይሄ ነው። ከእርስዎ የሚፈለገው በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት መቀየር ነው። የግድ እዚህ ይምጡ አልልዎትም። የትም ይቀይሩ፣ የፈለጉት ድርጅት የሠራው ይሁን። ብቻ ዓይነቱ ፋብሪካ የሚቀምመው ሲንቴቲክ፣ የቅጥነት ቁጥሩ ዜሮ-ሃያ መሆን አለበት። ደረሰኙን ይያዙ። በቃ።»

«ዜሮ?» አሉ ጋሽ አንማው። «ከዜሮ የተነሣ ነገር የት ይደርሳል ልጄ?»

«የሞተሩ ጫፍ ይደርሳል ጋሼ። ያውም ከሁሉም ቀድሞ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ጸዳለ አንድ ጎረድ ያለ ዕቃ ከፍታ አቀረበችላቸው። ጋሽ አንማው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ጣታቸውን ነክረው አነሡ። ዘይቱ ክር ልሁን እንኳ አላለም፤ ተንሸራቶ በመዳፋቸው፣ ከመዳፋቸው ወደ ክንዳቸው፣ ከክንዳቸው ወደ ሰበሰቡት እጅጌ ገባ።

«ይሄኮ ውሃ ነው!»

«ዘይት ነው ጋሼ።»

«ውሃ የገባበት ዘይት?»

«ውሃ ቢገባበትማ ከእርስዎ በፊት ሞተሩ ይከሰን ነበር።»

«ሠላሳ ዓመት በዚህ ጣት ስፈርድ…»

«በማር ነዋ!» አለች ጸዳለ፤ ሳቋን ግን ዋጥ አደረገችው። «ይስሙኝ። በዚህ ሞተር ውስጥ ብረትና ብረት የሚተላለፉበት ክፍተት ከፀጉር የቀጠነ ነው። ብርድ ላይ ያደረ ሞተር ጠዋት ሲነሣ፣ ወፍራም ዘይት እየተንፏቀቀ እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋጫል። ቀጭኑ ግን ቁልፉን ሲያዞሩ ደርሶ ይጠብቅዎታል። ቲሊሊ ደግሞ ከብርድ ሌላ ምን አላት?»

«እኔን ስለ ቲሊሊ ብርድ ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው ጋሽ አንማው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ወደ ወዳጃቸውም ዞረው፣ «አያ ተገኘ፣ አይተዋል? ይሄ ዘይት ነው?» አሉ።

አያ ተገኘ ዕቃውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ «እኔ የማውቀው ንብ ነው» አሉና ዝም አሉ።

ጋሽ አንማው ይህን እንደ ድጋፍ ቆጠሩት። የተናገረ ሰው ሁሉ እሳቸውን የደገፈ ይመስላቸዋል፤ ዝም ያለማ ከነጭራሹ።

አምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ የደረሰው ሰኔ መጨረሻ ነው። ጋሽ አንማው ባሕር ዳር መሄዱን ተዉትና እንጅባራ ላይ፣ ከይበልጣል የዘይት ሱቅ ፊት ለፊት ፒካፗን አቆሙ። ይበልጣል ዘይትም፣ ፊልትሮም፣ ምክርም የሚሸጥ ጎልማሳ ነው።

«ዜሮ-ሃያ ነው የምትጠጣው አይደል? አዲስ ናት» አላቸው።

«ምን እንደምትጠጣ የሚወስነው ጣቴ ነው። ያለህን ዓይነት ሁሉ አውጣ።»

አራት ዕቃ ተደረደረ። የማር ዳኛው ዘይት ሊፈርዱ ነው ሲባል ጋሪ ነጂውም፣ ሊስትሮውም፣ ገበያተኛውም ተሰበሰበ። ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ ጋሽ አንማው ግማሽ ክንድ ይረዝማሉ። የመጀመሪያውን ነክረው፣ «ውሃ!» አሉ። ሁለተኛውን፣ «የውሃ ወንድም!» ሦስተኛውን አንሥተው ትንሽ አሰቡና፣ «የውሃ አማች» አሉ፤ ሕዝቡ ሳቀ። አራተኛው ሃያ-ሃምሳ የሚሉት፣ ለአሮጌ የጭነት መኪና የሚገዛ ዘይት ነው። ጣታቸውን ከፍ ሲያደርጉት ዘይቱ ከበድ ብሎ፣ ተኩራርቶ፣ አንድ ክር ሆኖ ወረደ።

ጋሽ አንማው ዝም አሉ። ሕዝቡም የዝምታውን ትርጉም ያውቃልና አጨበጨበ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለዚች አይሆንም» አለ ይበልጣል፤ ሻጭ ቢሆንም ሰው ነውና። «ጋራንቲ የላትም እንዴ?»

«ጋራንቲዋ ይሄው!» ብለው ጣታቸውን አሳዩት። «አሁን ቅዳ። ደረሰኙንም በደንብ ጻፍልኝ፤ አንዲት ልጅ አለች፣ ወስጄ አነብላታለሁ። ‹ሃያ-ሃምሳ፣ እጅግ ወፍራም፣ በአንማው ጣት የተመረጠ› በል።»

ይበልጣል ያሉትን ጻፈ። እንዲህ ያለ ደረሰኝ ጽፎ ስለማያውቅ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታበት።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። የቲሊሊን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ቢኖር፣ ጠዋት ውሻ እንኳ ለመጮኽ አፏን ለመክፈት የምታመነታበት ወር ነው። ጋሽ አንማው ማለዳ ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ ቆይቶ ሲሞቅ ዝም ይላል። በሁለተኛው ሳምንት እትየ ደብሬ ከደጅ ላይ ቆመው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይህቺ መኪና ጥርሷን ታፋጫለች» አሉ።

«ጠግባ ነው። ጥጋብ ነው የሚያስገሳት።»

«ለመጥገቧማ መብራትም አብርታለች» አሉ እትየ ደብሬ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የዘይት ምልክቷ ቀይ ብልጭ ትላለች። «በጣትህ ያልመረጥከኝ እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ፤ በአማላጅ ባታገባኝ እኔም ይሄኔ ቀጭ ቀጭ እል ነበር።»

ጋሽ አንማው ቀይዋ መብራት ላይ የመድኃኔዓለምን ሥዕል ለጠፉባት። እንግዲህ እሷን አላዩ፣ እሷም አላስጨነቀቻቸው።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ የሁለቱን ወዳጆች ማር፣ የጋሽ አንማውን ግማሽ፣ የአያ ተገኘን ግማሽ፣ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ተነሡ። ዱርቤቴ ሳይደርሱ ፒካፗ ጉልበት አጣች፣ ተንገጫገጨች፣ አንድ ጊዜ ጓ! አለችና ቆመች። ዝናብ። ጭቃ። አላፊ መኪና ሁሉ ጭቃ እየረጨ ያልፋል። መጨረሻ ላይ አንድ ባለመኪና አዝኖ ቆመ፤ የቆመውም ያው የዳንግላው የአይሱዙ ሹፌር ነበር።

«ጋሽ አንማው! ማሩን ወደ እኔ ላዙረው ወይስ መሐላው አለ?» አለ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።

ማሩ ዞረ። ፒካፗ በሽቦ ገመድ ከአይሱዙው ኋላ ታሰረች። ጋሽ አንማው መሪዋን ይዘው፣ የገዛ ማራቸው በሰው መኪና ላይ ከፊት ከፊታቸው እየሄደ፣ ባሕር ዳር ገቡ። ያን ሁሉ መንገድ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰቡት፤ ሞተሩ በጋራንቲ ከተሠራ መሐላው አንድ ቀን ብቻ ነው የፈረሰው፣ ይረሳል። ካልተሠራ ግን ይህ ክረምት፣ ምናልባትም የሚመጣው በጋ፣ በዚህ ሹፌር ጥርስ ሥር ሊያልፍ ነው።

ጸዳለ ግማሽ ቀን ሙሉ ሞተሩን ስትፈታ ዋለች። በኋላ እጇን እየጠረገች መጣችና ደረሰኝ ጠየቀች።

ጋሽ አንማው ኪሳቸውን ዳበሱ። አስቀድመው ሊያነቡላት የጓጉለትን ወረቀት አሁን በሁለት ጣት ነው የሰጧት። ጸዳለ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ «ሃያ-ሃምሳ፣ እጅግ ወፍራም፣ በአንማው ጣት የተመረጠ።» ከመኪና ሥር የተኙት ሜካኒኮች ሁሉ ሳል ያዛቸው።

«ቢሆንስ?» አሉ ጋሽ አንማው። «በወፍራም ዘይት የሚሞት ሞተር መጀመሪያውኑ ጤና አልነበረውም። ሲመጣ ከፋብሪካው ታሞ ነው የመጣ።»

«ጋሼ…»

«አይ! እኔና አንቺ አንግባባም። ሽማግሌ አለኝ፤ አያ ተገኘ ይናገሩ!»

አያ ተገኘ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። ይህን ጊዜ ጸዳለም ከወንበሯ ተነሥታ፣ እጇን አጣምራ ቆመች፤ ሽማግሌ ቆሞ አትቀመጥም፣ የጎጃም ልጅ ናት። ሜካኒኮቹም ሳላቸው ጠፋ።

ጸዳለ ግን ቀደመች። «አባቴ፣ ጋራንቲውን ሰጪም ነሺም እኔ አይደለሁም። እኔ የምጽፈውን ሪፖርት አይቶ ነው ኩባንያው የሚወስነው። ይሄውልዎት፣ ‹የብልሽቱ ምክንያት› የሚል መስመር አለው። ጋሼ በእርስዎ ሽምግልና ካመኑ እኔም አምናለሁ፤ የሚሉኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። ከፋብሪካ የመጣ ጉድለት ነው ካሉ ኩባንያው ይሠራዋል። የዘይት ምርጫ ነው ካሉ ይሄን ጋሼ ራሳቸው ያሠራሉ፤ ለቀረው የመኪናው ዕቃ ጋራንቲው አይነካም።»

ጋሽ አንማው ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። ልጅቷ አብዳለች! የእሳቸውን ሰው፣ የእሳቸውን የልጅነት ወዳጅ፣ ማሩ በዚያችው ፒካፕ የሚጫንለትን ሰው ዳኛ አድርጋ ሾመችላቸው። «አምናለሁ!» አሉ ፈጥነው፣ ሐሳቧን እንዳትለውጥ። «በአያ ተገኘ ቃል አድራለሁ! ሁላችሁም ምስክር ሁኑ!»

የረሱት አንድ ነገር ነበር። ሽማግሌ በአንድ ወገን ተጠርቶ ሲመጣ የዚያ ወገን ነው፤ ሁለቱም ከተስማሙበት በኋላ ግን የማንም አይደለም። ጸዳለ ይህን አውቃ ነው። አያ ተገኘም አውቀው፣ ልጅቷን በጎን አየት አደረጓት።

«አንማው» አሉ። «ይህቺ ልጅ ቁጥሩን ነግራህ ነበር?»

«ነግራኛለች፣ ነገር ግን አያ…»

«ነገረችህ ወይስ አልነገረችህም?»

«ነገረችኝ።»

«እሺ። አንቺስ ልጄ? ሞተሩን አይተሽ ነው ወይስ ደረሰኙን አንብበሽ ነው የምትፈርጂ?»

«ይምጡና ይዩት አባቴ።»

ወሰደቻቸው። ከሞተሩ አናት ላይ የወጣ፣ መስተዋት መምሰል የነበረበት አንድ ብረት አሳየቻቸው። ጠዋት ጠዋት ዘይት ዘግይቶ ሲደርስለት እንዲህ መሆኑን ነገረቻቸው። አያ ተገኘ አውራ ጣታቸውን በብረቱ ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ፤ እንደ አሮጌ ሞረድ ሻከራቸው። ከጎኑ ዘይቱ ደህና የደረሰለት ሌላ ብረት ነበር፤ እሱንም ዳሰሱ። ለሰለሳቸው።

ሲመለሱ ጋሽ አንማው ተጠጓቸውና በጆሯቸው፣ «አያ፣ የእርስዎም ማር እኮ ነው። ይህቺ ካልተነሣች የእርስዎም አርባ ቀፎ ቲሊሊ ላይ ነው የሚቀር። አንዲት ቃል ናት፣ ‹ከፋብሪካ› ይበሉ፤ ማን ይሞታል?» አሉ።

አያ ተገኘ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ማሬ ይቆይ አንማው። ማር ቢያድር አይበላሽም፤ የሚበላሸው ቃል ነው» አሉ።

ጥፋቱ የጣታቸው መሆኑ ለጋሽ አንማው ይህን ጊዜ ነው የገባቸው። እንደ ማር ጨፍነው ሳይቀምሱት ገባቸው። ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ፣ ከዚያ እንደ ልጅ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኝ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ከጋቢያቸው ሥር ሸጎጡት።

አያ ተገኘ አዩዋቸው። ወዳጅ ናቸውና አሳዘኗቸው። ሰውየውን አጭበርባሪ ማለት ሐሰት ነው፤ አጭበርብረው አያውቁም። ሰነፍ ማለትም ሐሰት ነው። በማሩ ገበያ ላይ ነገም ቢሆን ከእሳቸው የተሻለ ዳኛ የለም። ታዲያ በዚያች ጠባብ መስመር ላይ እውነቱን ሳያጎድሉ፣ ወዳጃቸውንም ሳያዋርዱ ምን ያስጽፉ? ሽማግሌው ሪፖርቱን ጎንበስ ብለው አዩ፤ ብዙ አይገባበትም። ጸዳለ እስክሪብቶዋን ከፍታ ትጠብቃለች፤ ሜካኒኮቹ ከመኪና ሥር አንገታቸውን አስግገዋል፤ የአይሱዙው ሹፌር እንኳ በር ላይ ቆሞ ጥርሱን ገጥሟል።

«ጻፊ ልጄ» አሉ አያ ተገኘ፣ እያንዳንዷን ቃል እንደ ማር ጠብታ እየቆጠቡ፤ «የብልሽቱ ምክንያት፦ የማር ዳኛ፣ በዘይት ቤት መንገደኛ።»